አማቴን አጥባቸዋለሁ፤ ልቤ ግን አልታጠበም

የአንባቢዎች ጥያቄና የእትዬ መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ፤ ምሬቱን ግን አልነካሁትም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አማቴ ባለፈው ዓመት ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሲሆን እኛ ጋ መጡ። ሥራዬን ለቅቄ የማስታምማቸው እኔ ነኝ። እሳቸው በሠርጋችን ሰሞን «ልጄን ያስነካችው ነገር አለ» ብለው ለጎረቤት ያወሩብኝ ሴት ናቸው። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ገንፎ ሊቀምሱ እንኳ አልመጡም። ዛሬ ገላቸውን አጥባለሁ፣ ዳይፐር እቀይራለሁ፣ በማንኪያ አጎርሳለሁ። መናገር አይችሉም፤ ከአፋቸው የቀረችው አንዲት ቃል «ውጪ!» የምትል ናት። ቅባት ስቀባቸው «ውጪ!»፤ ምሳ ሳቀርብ «ውጪ!»፤ ልጃቸው ሲገባ ግን በዓይናቸው ይስቃሉ። እሱ ታክሲ ይሠራል፤ ማታ መጥቶ «እንዴት ዋለች?» ይልና ቴሌቪዥን ይከፍታል። እህቱ ከአሜሪካ በቪዲዮ እየደወለች «ትራሷን ከፍ አድርጊላት» ትለኛለች። የንስሐ አባቴን ባማክር «ታገሺ ልጄ፣ አክሊል ይጠብቅሻል» አሉኝ። ማታ ዳዊቴን ልደግም ስቀመጥ እንቅልፍ ይደፋኛል። እትዬ፣ እጄ ይሠራል እንጂ ልቤ ይጠላቸዋል። አንዳንድ ቀን ሞታቸውን ተመኝቼ እደነግጣለሁ። በጥላቻ የተሠራ ደግ ሥራ ዋጋ አለው? ብርታቱንስ ከየት ላምጣው?

የአራተኛ ፎቋ ምራት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ልጄ፣ ስለ ልብሽ ከማውራታችን በፊት ስለ «ውጪ!» እንነጋገር። እዚህ ላይ የምመልስልሽ የየኔታ ልጅ ሆኜ ሳይሆን ጡረታ የወጣሁ ነርስ ሆኜ ነው።

ቀኝ ጎን ሽባ የሚሆነው የአንጎል ግራ ክፍል ሲጎዳ ነው። የአብዛኛው ሰው ንግግርም የሚታዘዘው ከዚያው ከግራው ክፍል ስለሆነ አብሮ ይመታል። ያኔ አስቦ፣ ቃል መርጦ መናገር ይጠፋል፤ አፍ ለብዙ ዘመን የለመደው፣ ሳይታሰብ የሚወጣው ግን ሊተርፍ ይችላል። ስድብ፣ መሐላ፣ አንድ ሁለት ብሎ መቁጠር፣ ዘፈን፣ ጸሎት። አንዲት ቃል ብቻ የምትቀረውም በሽተኛ አለ። እኛ ክፍል ተኝቶ የነበረ አንድ የእህል ነጋዴ የቀረችው «እማምላክን!» ብቻ ነበረች። ሲጠማው «እማምላክን!»፤ ሲያመው «እማምላክን!»፤ መርፌ ወግቼው ስጨርስ ደግሞ እጄን ይዞ፣ ምስጋና መሆኑ ነው መሰለኝ፣ «እማምላክን!»።

ስለዚህ አማትሽ «ውጪ!» ሲሉሽ ማባረራቸው ይሁን ውሃ መጠየቃቸው ከቃሏ ልታውቂው አትችዪም። ዓይናቸውንና ደህናውን ግራ እጃቸውን ተከታተዪ፤ የሚፈልጉትን የሚነግሩሽ እነሱ ናቸው። ድሮ አልወደዱሽምና ከቃል ሁሉ ያቺ መቅረቷ እንደሚያምሽ ይገባኛል። አስበው መርጠው ያስቀሯት ግን አይምሰልሽ።

አንድ ነገር ሞክሪ። ማታ መብራት ከማጥፋትሽ በፊት አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ «አቡነ ዘበሰማያት»ን ቀስ ብለሽ በይ። በአማርኛ የለመዱ ከሆነ በአማርኛ ይሁን። መሃል ላይ ስትደርሺ ቆም በይ። አንዲት ቃል ብቻ የቀረው አፍ ጸሎቱን ተቀብሎ ሲቀጥል በዓይኔ አይቻለሁ፤ ልጆቹ ተአምር መስሏቸው ክፍሉን በእልልታ አናወጡት። ባይቀጥሉስ? ጸለይሽ እንጂ ምን ከሰርሽ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታ በፍርድ ቀን የሚቆጥረው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ማብላት፣ ማጠጣት፣ ማልበስ፣ የታመመ መጠየቅ። ስታጎርሱኝ ልባችሁ ሞቅ ብሎት ነበር ወይ የሚል ጥያቄ እዚያ የለም። ጳውሎስን (1ኛ ቆሮንቶስ 13) ጠቅሰሽ፣ ፍቅር ከሌለ ሁሉም ከንቱ ነው ይላል ብለሽ ትሞግቺኝ ይሆናል፤ አባቴም ይህችን ነበር የሚያነሡት። እዚያው ምዕራፍ ላይ ግን ፍቅር ምን እንደሆነ ሲዘረዘር ከፊት የተቀመጡት መታገሥና ቸርነት ማድረግ ናቸው። ሁለቱንም እያደረግሽ ነው። በደልን አለመቁጠር ዝቅ ብሎ ይመጣል። እሱ ይቆይሽ፤ የገንፎውን ነገር ዛሬውኑ እርሺ ብሎ ያጣደፈሽ የለም።

ርኅራኄ መጀመሪያ ልብ ውስጥ ተሰምቶ ወደ እጅ የሚወርድ ይመስለናል። እኔ በሽተኛ ክፍል ውስጥ በአብዛኛው ያየሁት ተገላቢጦሹን ነው። እጅ ይቀድማል፣ ልብ እየተጎተተ ይከተላል፤ ሳይከተል የሚቀርበትም ቀን አለ፣ በሽተኛው ግን ታጥቦ ያድራል።

ጥቅምት 20 ቀን የዮሐንስ ሐጺር መታሰቢያ ነው። መምህሩ የሰጡትን ደረቅ እንጨት ተክሎ ውሃ ያጠጣ የነበረው የግብፅ መነኩሴ ማለቴ ነው። መምህሩ አባ ባሞይ ታመው ሲተኙ 12 ዓመት ያስታመማቸው እሱ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አላመሰገኑትም። ሊሞቱ ሲሉ ግን አረጋውያኑ በተሰበሰቡበት እጁን ይዘው መረቁትና «ይህ መልአክ ነው እንጂ ሰው አይደለም» አሉ። አባቴ ይህን ሲተርኩልን መጨረሻዋ ላይ ድምፃቸው ይሰበር ነበር። እናቴ ደግሞ ከጓዳ ሆና «አሥራ ሁለት ዓመት! አንሶላውን ማን አጠበለት?» ትላለች።

ይህን ታሪክ ለአስታማሚ የሚነግሩ ሰዎች ሁሉ የሚቸኩሉት ወደ ምርቃቱ ነው። አንቺ አትቸኩዪ። የአማትሽ አፍ ላይፈታ ይችላል፣ ያ ምርቃት ላይመጣ ይችላል፤ እሱን እየጠበቅሽ ከሆነ «ውጪ!» በተባለ ቁጥር ትሞቻለሽ። ደግሞም ዮሐንስ የሚያሳድገው ልጅ አልነበረውም፤ አንቺ ሁለት አለሽ፣ አራት ፎቅ ደረጃ አለብሽ፣ በፈረቃ የሚመጣ ውሃ በጀሪካን ታጠራቅሚያለሽ። የእናቴ ጥያቄ የሚጠቅምሽ እዚህ ላይ ነው፤ አንሶላውን ማን ያጥብ? ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የምጠላው በሽተኛ ሲደርሰኝ የምጀምረው ከእጁ ነበር። ነርስም ይጠላል፤ አይወራም እንጂ። የአማትሽ ቀኝ እጅ ተጨብጦ የቀረ ይመስለኛል። ጣቶቹን በግድ አትፈልቅቂ። አንጓቸውን ቀስ ብለሽ ወደ መዳፉ በኩል አጠፍ ስታደርጊው ጣቶቹ ላላ ይላሉ፤ ከአውራ ጣት ጀምረሽ ክፈቺ። መዳፉ ውስጥ ላብ ተጠራቅሞ ይሸታል፤ ያደገ ጥፍር ሥጋውን ይወጋል። ለብ ባለ ውሃ በጣቶቹ መካከል እጠቢ፣ እርጥበት ሳታስቀሪ አድርቂ፣ ጥፍሩን ቁረጪ፣ ለስላሳ ጨርቅ ጠቅልለሽ አስጨብጫቸው። ይህን ስትሠሪ ፊታቸውን አትዪ፤ «ውጪ!» ቢሉሽም ቀና አትበይ። እጁን ብቻ እዪ። የምጣድ ቃጠሎ አታጪበትም፤ የቢላ ጠባሳ አታጪበትም። ባልሽን ያጠበና ያጎረሰ እጅ ነው። ሴትዮዋን መውደድ ቢያቅትሽም ከመዳፋቸው ጋር ልትስማሚ ትችያለሽ። እኔ ከብዙ ሰው ጋር የታረቅሁት እንዲህ ነው፤ ሁሉንም ወድጄ ግን አልሸኘሁም።

ደሴ ስሠራ አብራኝ የነበረች አንዲት ሙስሊም ነርስ፣ ቁርኣን ለወላጆቻችሁ «ኡፍ» እንኳ አትበሏቸው እንደሚል ነግራኝ ነበር። እናቷን ቤቷ አስተኝታ ታስታምም ነበርና ሲመራት ተነሥታ ከክፍሉ ትወጣለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ግቢው ጥግ ድረስ ሄዳ «ኡፍፍፍ!» ብላ ትመለሳለች። ይህ እንደ ማታለል ታይቶሽ ከሆነ ለእኔ አይታየኝም። ሕጉን ጠብቃለች፣ ደረቷንም አስተንፍሳለች። አንቺም በረንዳ አለሽ።

ሞታቸውን ተመኘሁ ላልሽው፣ ይህን ኮሪደር ላይ ያልነገረኝ አስታማሚ ጥቂት ነው። ከልጆቻቸውም ሰምቻለሁ፣ ያውም ከሚወዷቸው ልጆች። ድካም ሲበዛ የሚመኘው ማለቁን ነው፤ ለንስሐ አባትሽ ንገሪና ይቅለልሽ። ምኞቱ ወደ ራስሽ ከዞረ፣ ወይም እጅሽ በእሳቸው ላይ ሊነሣ ከቃጣው ግን ነገሩ ለንስሐ አባት ብቻ የሚተው አይደለም፤ ያን ቀን ለባልሽ ተናግረሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ስለ እንቅልፉ። በግብፅ በረሃ ከነበሩት የአስቄጥስ አባቶች አንዱን ሽማግሌዎች መጥተው «በጸሎት ሰዓት የሚያንቀላፋ ወንድም ስናይ እንቀስቅሰው ወይ?» ብለው ጠየቁት። እሱም «እኔ ብሆን ራሱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አሳርፈዋለሁ» አለ። ታዲያ በሌሊት ሁለት ሦስቴ የምትነሺው ሴት የማክሰኞን ዳዊት ከ31 እስከ 60 ልጨርስ ብለሽ ትታገያለሽ! ተኚ። ከማክሰኞው ውስጥ አንዷን ብቻ፣ 40ኛዋን ያዢ፤ ለድሃና ለምስኪን የሚያስብን ሰው የምታመሰግነዋን። እሷ ውስጥ እግዚአብሔር የታመመውን ሰው አልጋ ራሱ ሲያነጥፍለት ታገኚያለሽ። ብዙ አልጋ ያነጠፍሁ ሰው ነኝና ይህን መስመር በቀላሉ አላልፈውም። አንሶላ ስትቀይሪ በቃልሽ በያት፤ ቁጭ ብለሽ ካልደገምሽ ጸሎት አይሆንም ያለሽ የለም።

አሁን አንሶላው። አክሊሉን አልጠራጠርም፤ ግን ባልሽም አክሊል ያስፈልገዋልና ብቻሽን አትውሰጂበት። የተኛ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ መገልበጥ አለበት፤ አለበለዚያ ተረከዙ፣ ዳሌውና ወገቡ ሥር ይቆስላል። ቆዳው ቀልቶ በጣትሽ ስትጫኚው መቅላቱ የማይጠፋ ከሆነ ቁስሉ ጀምሯል። ይህን ባልሽን ጠርተሽ አሳዪው፤ ስልኩ ላይ ማንቂያ ሙዪለትና ከእኩለ ሌሊት በፊት ያለው የሱ ይሁን። እናቱን ማጠብ አፍራለሁ ካለ ማጉረስ አያሳፍርም። ቀና አድርጎ አስቀምጦ፣ አገጫቸውን ዝቅ አስደርጎ፣ በደህናው በግራ ጉንጭ በኩል ያጉርስ፤ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያስተኛቸው ይቆይ። ውሃ ሲጠጡ የሚያስላቸው ከሆነ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ሳትቆዩ ለሐኪም ንገሩ።

ለአሜሪካዋ እህት ደግሞ በሚቀጥለው ስትደውል ስልኩን አማትሽ ላይ አትያዢ። ወደ ራስሽ አዙሪና «እህቴ፣ ትራሱ ደህና ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን የምታግዘኝ ሴት እፈልጋለሁ፣ ደሞዟን አንቺ ቻይ» በያት። ይሉኝታ ይዞሽ ይሆናል። ከታመሙት መምህሩ ጋር ምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ የኖረው ዮሐንስ እንኳ በዙሪያው ማኅበር ነበረው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ዶሃ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ድሮ ለማኝ አይቼ የማለቅስ ልጅ ነበርኩ። አሁን እናቴ ደውላ ስታለቅስ እንኳ ምንም አይሰማኝም፤ ብሩን ልኬ ስልኩን እዘጋለሁ። ልቤ ድንጋይ ሆነ። ምን ላንብብ?

ከዶሃ

መልስ፦ ልጄ፣ ገዳሞቻችን ውስጥ መነኮሳት ከሚማሯቸው መጻሕፍት አንዱ የማር ይስሐቅ ነው። ይህ አባት የተወለደው በ7ኛው ክፍለ ዘመን፣ ቤት ቃጥራዬ ይባል በነበረው አገር ነው፤ ዛሬ አንቺ ያለሽበት ኳታር የዚያ አካል ነበር። ያን ጊዜ ያ ባሕር ዳርቻ ክርስቲያኖችና ገዳማት ነበሩበት። በኋላ የነነዌ ጳጳስ አድርገው ሾሙት፤ አምስት ወር ቆየና ትቶት ወደ ተራራ ገባ።

ርኅሩኅ ልብ ምንድን ነው ተብሎ ተጠይቆ የመለሰው ዛሬም ያስደነግጠኛል። ስለ ፍጥረት ሁሉ የሚቃጠል ልብ ነው ይላል፤ ስለ ሰው፣ ስለ ወፍ፣ ስለ እንስሳ፣ ስለ አጋንንት ሳይቀር። ይህን የጻፈው ሰው መጀመሪያ ከሹመቱ ሸሽቶ ጸጥታ የፈለገ ሰው መሆኑን ግን አትርሺ። ጳጳስ ሆኖ አምስት ወር ያልቻለውን አንቺ ሰው ቤት ውለሽ አድረሽ ቻዪ አልልሽም።

ስለዚህ «ምን ላንብብ?» ስትዪኝ መጀመሪያ የምጠይቅሽ ስንት ሰዓት እንደምትተኚ ነው። ኳታር ለቤት ሠራተኞች ባወጣችው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ቁጥር 15 በሆነው ሕግ፣ የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም አንድ ሙሉ ቀን እረፍት እንዲኖር ተደንግጓል። እረፍትሽን ታገኚያለሽ? ካላገኘሽ የደነዘዘው ልብሽ ብቻ አይደለም፤ መላው አካልሽ ነው። መደንዘዝ ኃጢአት ነው ብለሽ ንስሐ አትግቢበት።

ከእናትሽም አትጀምሪ፤ እሷ ከሁሉም ትከብዳለች። ማር ይስሐቅ ወፎችን ከቆጠረ አንቺም ከወፍ ጀምሪ። በዚያ ሐሩር በመስኮትሽ ደፍ ላይ ወይም በጓሮ በኩል በሰሃን ውሃ አስቀምጪና ማን እንደሚጠጣው እዪ። ለእናትሽ በሚቀጥለው ስትደውዪ ስለ ብሩ ከመነሣቱ በፊት «ዛሬ ምን በላሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። ሽሮ ትልሻለች። ማን እንደሠራው፣ በርበሬው ከየት እንደመጣ ጠይቂ። እንባው ይምጣ አይምጣ አትከታተዪው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለእትዬ። ጡረተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ በስልኬ ስብከት ስሰማ እውላለሁ። ነገር ግን ከበፊቱ ይልቅ ቁጡ ሆንኩ። ባለቤቴ «አንተን ያበላሸህ ስብከት ነው» ትለኛለች። እንዴት ይታያል?

ከጎንደር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። እርስዎ ሲሰሙ የሚውሉት ስብከት ነው ወይስ አንዱ ሰባኪ ሌላውን ሲያርም? ሁለተኛው ከሆነ ቀኑን ሙሉ ችሎት ውለው ነው ወደ ራት የሚቀርቡት።

ሰኔ 24 ቀን የምናስበው ሙሴ ጸሊም፣ ያው ሽፍታ የነበረውና በኋላ የመነኮሰው፣ በአንድ ወንድም ላይ ሊፈርዱ የተሰበሰቡ አባቶች ቢያስጠሩት የሚያፈስ እንስራ ውሃ ሞልቶ ተሸክሞ ሄደ። «ምንድን ነው ይህ?» ሲሉት «ኃጢአቴ ከኋላዬ ይንጠባጠባል፣ እኔ አላየውም፤ ይኸው በሰው ላይ ልፈርድ መጣሁ» አላቸው። ጉባኤው ተበተነ፣ ያም ወንድም ይቅር ተባለ።

እንስራ ተሸከሙ አልልዎትም፤ ወገብዎን ይጎዳዎታል። ከምሳ በኋላ ግን ስልኩን ለባለቤትዎ ያስረክቡና ቡናውን እርስዎ ይቁሉ፤ እሳቸው ቁጭ ብለው ይጠብቁ። ቡናው ቢያርርብዎ ማን ላይ እንደተቆጡ በሚቀጥለው ወር ይጻፉልኝ።